ጡጦ፣ የድድ ማሳከኪያና ከባድ ብረቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥርስ ማብቀል የጀመረ ልጅ እጁ የገባውን ሁሉ አፉ ይከተዋል። ማንኪያ፣ የጡጦ ክዳን፣ የእናቱ ሐብል፣ የአሻንጉሊት ጆሮ፤ አይመርጥም። ወላጅ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ «ይሄ ጡጦ እርሳስ ተገኘበት» የሚል ቪዲዮ ያያል። ከሥሩ አንዱ «ውሸት ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ቤት ያለውን ሁሉ ጣሉ» ይላል። እዚህ የተሰበሰቡት በዚህ ጉዳይ ቶሎ ቶሎ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባድ ብረቶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

የልጅ ዕቃ ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው አራት ናቸው፦ እርሳስ (ሊድ)፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ። ኬሚስቶች አርሴኒክን ሙሉ ብረት አይሉትም፤ መርዛማነቱ ስለሚመሳሰል ግን አብሮ ይቆጠራል።

በዕቃ በኩል ዋና ተጠርጣሪዎቹ እርሳስና ካድሚየም ናቸው። አርሴኒክ ይበልጥ የምግብና የውሃ ጉዳይ ነው። ሜርኩሪ ዛሬ ጡጦና ማሳከኪያ ላይ እምብዛም አያጋጥምም። የድሮ ታሪኩ ግን ጉድ ያሰኛል፣ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

አምራቾች እነዚህን ነገሮች የሚጠቀሙት ስለሚመቿቸው ነው። እርሳስ ርካሽ ነው። በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ለብየዳና ቅርጽ ለማውጣት አያስቸግርም። ከክሮሚየም ጋር ሲዋሃድ ደማቅ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በሙቀት እንዳይበላሽም ለረጅም ዘመን ሲጨመርበት ኖሯል። ካድሚየም ደግሞ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ቀለም ማውጫ ነው፤ ርካሽ ጌጣጌጥ ውስጥም ይገኛል።

እኛ ስንነካው ምንም ካልሆንን ልጅን ለምን ይጎዳል?

እኛንም ይጎዳል። የልጅ ግን ይለያል። ከአንድ ዓይነት ምንጭ የዋጠውን እርሳስ የሕፃን አንጀት ከአዋቂው 4 እስከ 5 እጥፍ አብልጦ ሊያስገባው እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አንጎሉ በፍጥነት እያደገ ነው። ሰውነቱ ትንሽ ነው። እጁም ከአፉ አይለይም።

ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም። ስለዚህ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከደም ውስጥ ግማሹ በአንድ ወር ገደማ ይወጣል፤ አጥንት የገባው ግን አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። አይረን የሚባለው የምግብ ብረት ወይም ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይስበዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ትንሹም መጠን የማሰብ ችሎታን፣ ትኩረትንና ባሕርይን ሊነካ ይችላል። ያውም ምንም ሳያሳይ። ልጁ ይስቃል፣ ይበላል፣ ይዳኻል፤ ችግሩ ትምህርት ቤት ሲገባ ብቅ ይላል። ካድሚየም በበኩሉ ኩላሊት ውስጥ ይከማቻል፣ በቀላሉም አይለቅም።

ዕቃው ውስጥ እርሳስ ተገኘ ማለት ልጄ አፍ ገባ ማለት ነው?

አይደለም። ግርግሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

የሚለኩት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ በዕቃው አካል ውስጥ በጠቅላላ ያለው መጠን ነው። ሌላው ከዕቃው ተላቆ ወደ ምግብ ወይም ወደ ለሃጭ የሚወጣው ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ የምታዩት እንደ ሽጉጥ የሚያዝ መሣሪያ ኤክስአርኤፍ ይባላል። ጨረር ልኮ የመጀመሪያውን ብቻ ይለካል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ «ይህ ቦታ ላይ እርሳስ አለ» ሲል ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። «ይወጣል ወይ?» ለሚለው ግን መልስ የለውም። ያንን ለማወቅ ላቦራቶሪ ዕቃውን የሆድ አሲድ ወይም ምግብ በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዝፈውና ፈሳሹን ይመረምራል። የአውሮፓ ኅብረት የአሻንጉሊት ሕግ 19 ንጥረ ነገሮችን የሚቆጣጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ብረቱ ከዕቃው መውጣት አለመውጣቱን የሚወስኑት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የት ቦታ ነው ያለው? ውስጥ ተደፍኗል ወይስ ላይ ላዩን ነው? ዕቃው ተቧጥጧል ወይ? ትኩስ ነገር ወይም እንደ ብርቱካን ጭማቂ ያለ ኮምጣጣ ነገር ይነካዋል? ልጁስ ምን ያህል ጊዜ ያኝከዋል?

ይህን ስል ግን «ውስጥ ከሆነ ግድ የለም» ማለቴ አይደለም። ዕቃ ይሰበራል። ደግሞ ያለ እርሳስ መሥራት እየተቻለ ልጅ በሚጠቀምበት ነገር ውስጥ ምን ይሠራል? በእኔ አስተያየት እርሳስ የሌለው አማራጭ ካለ እሱን መያዝ ነው። ያላችሁን ግን በድንጋጤ አትጣሉት፤ መጀመሪያ ቦታውን ጠይቁ።

የስቴንለስ ስቲል ኩባያና ጡጦስ?

ስቴንለስ ስቲል ራሱ ጥሩ ነው። ጥያቄው ያለው ሙቀት በሚይዙት፣ እንደ ፔርሙዝ ድርብ ግድግዳ ባላቸው ላይ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ይወጣና ቀዳዳው ከሥር በጠብታ ብየዳ ይደፈናል። አንዳንድ አምራቾች ለዚያ ጠብታ እርሳስ ያለበት ብየዳ ይጠቀማሉ። በላዩ ክዳን ይለጠፍበታል፤ መጠጡንም አይነካም።

ክዳኑ ሲነቀል ግን ጠብታው ይጋለጣል። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 10,500 ያህል የሕፃናት የስቴንለስ ስቲል ጡጦዎችና ኩባያዎች ከገበያ የተሰበሰቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ታቹ ተሰብሮ እርሳስ ያለበት ብየዳ ሊወጣ ይችል ነበር። በ2023 ደግሞ 346,000 ገደማ የልጆች ድርብ ኩባያዎች እርሳሳቸው ከሕግ በላይ ሆኖ ተሰበሰቡ።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን ገልብጡና ታቹን እዩት። ክዳኑ ከላላ ወይም ከወደቀ ከልጁ አርቁት። ለሕፃን አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ነጠላ ግድግዳ ያለው ይበቃል። ድፍን ቀዳዳ የለው፣ ብየዳ የለው። ወተቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ጉዳት የለበትም።

የመስታወት ጡጦ ከፕላስቲኩ ይሻላል?

ንጹሕ፣ ያልተቀባ መስታወት በከባድ ብረት በኩል ከሁሉም የሚያስተማምን ነው። ስሙ የሚበላሸው በሥዕሉ ነው። ውጪው ላይ የሚታተሙት አበቦች፣ ድቦችና የመለኪያ መስመሮች የሚሠሩት ከቀለም ወይም ከሚጋገር ኢናሜል ነው፤ እርሳስና ካድሚየም በብዛት የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው። ወተቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ሥዕሉ ውጪ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሕፃን ጡጦ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው፣ ከዚያ እጁን ይልሳል። ቀለሙም በእጥበት ብዛት ይላጣል።

ሥዕል የሌለው፣ የመለኪያ ቁጥሩም በመስታወቱ ላይ በጉብታ የወጣ ምረጡ። በጣት ሲነካ ይታወቃል።

ክሪስታል የሚባለው የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ግን ሌላ ነገር ነው። የባህላዊው ክሪስታል ውበት የሚመጣው ከእርሳስ ነው፤ 24 ከመቶና ከዚያ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይችላል። ለልጅ ምንም አይጠጣበት። የድሮ የፒውተር (የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ) ኩባያና ማንኪያ፣ ከአያት የወረደ ቀለም ቅብ ሳህንም እንዲሁ። መደርደሪያ ላይ ያምራሉ፣ እዚያው ይቀመጡ።

ሲሊኮን አስተማማኝ ነው?

በአብዛኛው አዎ። ለምግብ የሚሆን ሲሊኮን ሲሠራ እርሳስም ካድሚየምም አያስፈልገውም። ጥርጣሬ ካለ የሚነሳው ማቅለሚያው ላይ ነው፤ ስለዚህ ፈዛዛ ወይም ቀለም አልባው ይመረጣል።

«ቆንጥጠህ ስትጠመዝዘው ነጭ ከሆነ መጥፎ ነው» የሚል ምክር በየቦታው ይዞራል። ያ ፈተና ቢበዛ ሲሊኮኑ ውስጥ ሌላ ማሙያ ስለመኖሩ ፍንጭ ይሰጥ ይሆናል። ስለ ከባድ ብረት የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ፕላስቲክና እንጨትስ?

የጡጦ ፕላስቲክ በብዛት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በብረት በኩል ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ለስላሳው፣ የሚተጣጠፈው፣ አዲስ ሲከፈት የሚሸተው ፒቪሲ ወይም ቪኒል ነው። መጋረጃ የሚመስል መሐረብ፣ ርካሽ የጎማ አሻንጉሊት፣ የምግብ ቦርሳ ገበር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይሠራል። የልጅ ማኘኪያ እንዲሆን ባልመርጠው ይሻለኛል።

እንጨት ያልተቀባ ከሆነ ጥሩ ነው። የተቀባ ከሆነ ጥያቄው ስለ እንጨቱ መሆኑ ይቀርና ስለ ቀለሙ ይሆናል። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ስለ ቀለሙ ምንም አይልም።

ለጥርስ ማስታገሻ የሚሸጡት ሐብልና አምባሮች ይሠራሉ?

አይሠሩም። እንደ ቡድን ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ የሚያስፈሩኝ እነሱ ናቸው።

በ2016 ኮኔቲከት በምትባለው የአሜሪካ ግዛት አንዲት የ9 ወር ሕፃን ለመደበኛ ምርመራ ሄደች። በዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደሟ ውስጥ 41 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘ። ቤቱ ተፈተሸ፤ ምንጩ የሆነው ለጥርስ ማብቀል ሕመም ይረዳል ተብሎ ከእጅ ሥራ ባዛር የተገዛ የዶቃ አምባር ነበር። ልጅቷ እያጠለቀችው አልፎ አልፎ ታኝከው ነበር። ዶቃዎቹ ሲመረመሩ ከሚሊዮን 17,000 እጅ እርሳስ ሆኑ። በአሜሪካ ሕግ ለልጅ ዕቃ የሚፈቀደው ከሚሊዮን 100 እጅ ነው። ሻጩ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው የሚናገር ምልክት እንኳን አልነበረውም።

ከዚያ በፊት በ2006 በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ አንድ የ4 ዓመት ልጅ የልብ ቅርጽ ያለው ጌጥ ውጦ ሞቷል። ጌጡ 99 ከመቶ እርሳስ ነበር። ሆድ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ በአሲዱ እየተበላ ወደ ደም ይገባል። እነዚህ ሁለቱ የጌጥን አደጋ የሚያሳዩ ናቸው፦ ልጅ ጌጥ ያኝካል፣ ከተበጠሰም ይውጣል።

ከጥንት የዛፍ ሙጫ የሚሠራው የአምበር ሐብልስ? እሱ ላይ ዋናው ችግር ብረት አይደለም። ከልጁ የሰውነት ሙቀት የተነሳ ሕመም የሚያስታግስ አሲድ ይለቃል ይባላል፤ ለዚህ ማስረጃ የለም። አደጋው ማነቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በ2018 ስለ ጥርስ ማብቀያ ጌጣጌጥ ማስጠንቀቂያ ያወጣው አንድ የ18 ወር ሕፃን ተኝቶ ሳለ በአምበር ሐብሉ ታንቆ መሞቱን ጠቅሶ ነው። እናት አንገት ላይ የሚንጠለጠል የሲሊኮን ሐብል እሷ ለብሳው ልጁ ሲያኝከው ይሻላል፤ የብረት መቆለፊያው ግን ወደ ጀርባ ይዙር።

ለድድ የሚቀቡ ወይም የሚሰጡ ዱቄቶችስ?

የሜርኩሪው ታሪክ እዚህ ላይ ነው። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብዙ አገሮች ለጥርስ ማብቀል የሚሸጡ ዱቄቶች ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ውሁድ ነበራቸው። በዚያው ዘመን ሐኪሞች ሊገባቸው ያልቻለ የሕፃናት በሽታ ነበር። እጅና እግራቸው ሮዝ ይሆናል፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ ብርሃን ይሸሻሉ፣ ያለማቋረጥ ይነጫነጫሉ። «ሮዝ በሽታ» ይሉት ነበር። አንዳንዱ ከቫይታሚን እጥረት ነው አለ፣ አንዳንዱ ከተሕዋስ ነው አለ። በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የሕፃናት ሐኪም ጆሴፍ ዋርካኒ ከባልደረባቸው ጋር በታማሚዎቹ ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ አግኝተው በ1948 አሳተሙ። በ1950ዎቹ ዱቄቶቹ ከገበያ ሲወጡ በሽታውም አብሮ ጠፋ።

በዚያው ዘመን ለቆሰለ ጡት የሚደረግ ከእርሳስ የተሠራ የጡት ጫፍ መሸፈኛም ይሸጥ ነበር። እናቲቱ ታደርገዋለች፣ ሕፃኑ ከዚያው ይጠባል። የተመረዙ ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

ይህ የሙዚየም ወሬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ለጥርስ ማብቀልና ለሆድ ቁርጠት ተብለው በሚሰጡ ባህላዊ ዱቄቶች ውስጥ ዛሬም እርሳስ ይገኛል። ምን እንደሆነ በግልጽ ያልተጻፈበትን ዱቄት ልጅ አፍ ውስጥ አታስገቡ፤ ማንም ይስጣችሁ። ቤንዞካይን ያለባቸው የድድ ማደንዘዣ ጄሎችም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆኑም። ምክንያቱ ብረት ሳይሆን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርጉ መቻላቸው ነው።

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማመን እችላለሁ?

የትኛውን እንዳነበባችሁ ይወሰናል።

«ቢፒኤ የለውም» የሚለው ስለ አንድ የፕላስቲክ ኬሚካል ነው። ስለ እርሳስ ምንም አይናገርም፤ ብዙ ሰው ግን «ሁሉ ነገሩ ንጹሕ ነው» ብሎ ያነበዋል። «መርዛማ ያልሆነ»፣ «ኢኮ»፣ «ተፈጥሯዊ» የሚሉት ማንም ሊጽፋቸው የሚችላቸው ቃላት ናቸው። በአውሮፓ አሻንጉሊቶች ላይ የሚታየው ሲኢ የሚለው ምልክት በአብዛኛው አምራቹ ራሱ «ሕጉን አሟልቻለሁ» ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። የብርጭቆና የሹካ ሥዕል ደግሞ ዕቃው ምግብ እንዲነካ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ክብደት ያለው ነገር ቁጥር ነው። በአሜሪካ በ2008 የወጣው ሕግ የልጅ ዕቃ ከሚሊዮን 100 እጅ፣ በላዩ የተቀባው ቀለም ደግሞ ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እርሳስ እንዳይኖረው ይከለክላል። በገለልተኛ ላቦራቶሪ መመርመርም ግዴታ ነው። በአውሮፓ የጡጦና የመጠጫ ዕቃ ደረጃ ኢኤን 14350፣ የፓሲፋየሩ (ወተት ሳይኖረው ለማባበያ የሚጠባው ጫፍ) ኢኤን 1400 ነው። ሻጩን «የምርመራ ወረቀቱን ማየት እችላለሁ?» በሉት። ደኅና ሻጭ ይልክላችኋል። ወረቀቱ ላይ የዕቃው ስም፣ የላቦራቶሪው ስም፣ ቀኑና የተገኘው መጠን መኖር አለበት። «ፈተናውን አልፏል» ብቻ ከሆነ ምን እንደተለካ አይታወቅም።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ላይ ግን ምልክቱም አብሮ ይገለበጣል። የታወቀ ብራንድ በማይታመን ርካሽ ዋጋ ካያችሁ ጠርጥሩ።

በቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል?

በጥጥ የሚታሸት፣ ቀለሙ የሚቀየር መፈተሻ ይሸጣል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ2007 ሞክሯቸው አስተማማኝ አይደሉም ብሏል። እርሳስ እያለ «የለም» ይላሉ፣ በተለይ ብረቱ ከላይ በሌላ ቀለም ከተሸፈነ። ቀይ ካሳየ ዕቃውን አውጡት። ምንም ካላሳየ ግን «ነጻ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ።

ደጋግሞ በማጠብ ወይም በመቀቀል ይለቃል?

አይለቅም። መቀቀል ተሕዋስያንን ይገድላል፣ ብረትን አያጠፋም። የተላጠ ቀለም ያለበትን ዕቃ መቀቀልማ ያባብሰዋል።

የዱቄት ወተት የምበጠብጥበት ውሃስ?

ይህ ጥያቄ ከሚገባው በታች ነው የሚነሳው። ሰው ለጡጦው ሲጨነቅ ይውልና ጡጦው ውስጥ የሚገባውን ይረሳዋል። ፎርሙላ ብቻ የሚጠጣ ሕፃን ምግቡ በአብዛኛው ውሃ ነው። የቤቱ መስመር ወይም መገጣጠሚያው እርሳስ ካለበት በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ጡጦ ይደርሰዋል።

ማፍላት እዚህም አይረዳም። ውሃው ሲተን እርሳሱ ይቀራል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ፤ ሙቅ ውሃ ከመስመሩ ላይ አብልጦ ይፈታል። ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን መጀመሪያ አፍስሱት፣ ለዕቃ እጥበት ይሆናል። ማጣሪያ የምትገዙ ከሆነ እርሳስ እንደሚቀንስ ኤን ኤስ ኤፍ 53 በሚባለው የውሃ ማጣሪያ ደረጃ የተረጋገጠ ይሁን። ቀዝቃዛውን ከቀዳችሁ በኋላ አፍልታችሁ ለዱቄቱ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ዱቄቱ ቢያንስ በ70 ዲግሪ ውሃ እንዲበጠበጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፣ እሱ ለተሕዋስያን ነው።

ጥርስ ሲያበቅሉ የሚሰጡት ብስኩቶች ላይም ከባድ ብረት አለ?

ሊኖር ይችላል፣ በተለይ ከሩዝ የተሠሩት ላይ። ሩዝ ውሃ ውስጥ ስለሚበቅል ከሌሎች እህሎች አብልጦ አርሴኒክ ይስባል። የአውሮፓ ኅብረት ለሕፃናት ምግብ የሚሆን ሩዝ በኪሎ ግራም ከ0.1 ሚሊግራም በላይ ኢኦርጋኒክ አርሴኒክ (ይበልጥ መርዛማው ዓይነት) እንዳይኖረው ከ2016 ጀምሮ ደንግጓል። ኤፍዲኤም በ2020 ለሕፃናት የሩዝ ሴሪያል ያው መጠን ላይ ገደብ አስቀምጧል።

በጥር 2025 ኤፍዲኤ ለታሸገ የሕፃናት ምግብ የእርሳስ መጠን አውጥቷል፦ ለአብዛኛው የፍራፍሬና የአትክልት ፍትፍት በኪሎ ግራም 10 ማይክሮግራም፣ ለብቻቸው ለተዘጋጁ ሥራሥሮችና ለደረቅ ሴሪያል 20 ማይክሮግራም። የሚገርመው የጥርስ ብስኩቶችና ፓፍ የሚባሉት መክሰሶች እዚያ ውስጥ አለመካተታቸው ነው። ልጁ ድዱን እያሸ ሲመጥጣቸው የሚውለው እነሱን ሆኖ ሳለ!

መፍትሔው መቀያየር ነው። ዛሬ ሩዝ ከሆነ ነገ አጃ፣ ከዚያ ሌላ እህል። ቤት ውስጥ ሩዝ ስትቀቅሉ ከ6 እስከ 10 እጥፍ ውሃ አድርጋችሁ ትርፉን ብትደፉት አርሴኒኩ ከ40 እስከ 60 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል። አንዳንድ ቫይታሚን አብሮ እንደሚፈስ ግን እወቁ።

ቅመም ላይም ልብ በሉ። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ቀረፋ የገባበት የፖም ፍትፍት በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በእርሳስ አስመርዟል። ቀረፋው ውስጥ የገባው ሊድ ክሮሜት ሳይሆን አይቀርም ተብሏል፤ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ያ ደማቅ ቢጫ ቀለም።

ከታላቁ የተረፈውን ጡጦና መጫወቻ ለታናሹ ልስጥ?

ቀለም የሌለው መስታወት፣ ያልተሰነጠቀ ሲሊኮን፣ ያልተቀባ እንጨት ከሆነ ስጡ። የጡጦ ጫፍ ብቻ ይቀየር። የተቀባና የተላጠ ከሆነ አይሆንም። በ2007 በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሻንጉሊቶች በቀለማቸው እርሳስ የተነሳ ተሰብስበዋል፣ ጠበቅ ያለው የአሜሪካ ሕግም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ የተቀባ መጫወቻ ለሚያኝክ ልጅ አይሰጥም።

እርሳስ እንዳለብኝ ብጠረጥር ጡት ማጥባት ላቁም?

ሳትመረመሩ አታቁሙ። ከእናት አጥንት የወጣ እርሳስ ወደ ወተት ማለፉ እውነት ነው፣ መጠኑ ግን በአብዛኛው ትንሽ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ለጊዜው ማጥባት እንዲቆም የሚመክረው የእናቲቱ የደም መጠን 40 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

ልጄ አንዱን ዕቃ ለወራት ሲያኝከው ነበር፤ አሁን መጥፎ ነው ተባለ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ዕቃውን አርቁ፣ ግን አትጣሉት፤ በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ። መመርመር ካስፈለገ ያስፈልጋል። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «የደም እርሳስ ምርመራ እፈልጋለሁ» በሉ። ልጁ ደኅና መስሎ መታየቱ አያዘናጋችሁ፤ በዓይን የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ደም ሊጀመር ይችላል። ከፍ ካለ ግን ከደም ሥር ተቀድቶ ይረጋገጣል። ጣቱ ላይ የነበረ አቧራ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላልና የመጀመሪያው ቁጥር ላይ አትደንግጡ። ሲዲሲ ከ2021 ጀምሮ ክትትል ይጀመር የሚለው ከ3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ላይ ነው። ይህ የአደጋ መስመር አይደለም፣ «ምንጩን ፈልጉ» የሚል ምልክት ነው። ብረቱን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ 45ና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በሐኪም ክትትል ነው።

በመካከል ያለው ልጅ ሕክምናው ምንጩን ማጥፋትና መመገብ ነው። በአይረንና በካልሲየም የበለጸገ ምግብ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዳይውል ማድረግ፣ እጁን ቶሎ ቶሎ ማጠብ። መርዝ ያወጣል ተብሎ የሚሸጥ ጠብታ ወይም ሻይ ለሕፃን አትስጡ። አንዳንዱ ራሱ ከባድ ብረት አለበት።

ታዲያ ድዱን በምን ያስታግስ?

በንጹሕ ጣት ድዱን ማሸት። በንጹሕ ውሃ ተነክሮ የቀዘቀዘ ጨርቅ። ቀለም የሌለው፣ አንድ ወጥ የሆነ ጠንከር ያለ የሲሊኮን ወይም የጎማ ቀለበት። ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን ድንጋይ እስኪሆን አይግባ፤ ድዱን ይጎዳል። ውስጡ ፈሳሽ ያለበትን አልመርጠውም፣ ሲበሳ ፈሳሹ ይዋጣል።

የማልፈልገውን ዕቃ ለሌላ ሰው ብሰጥስ?

ለራሳችሁ ልጅ የማትሰጡት ከሆነ ለሌላው ልጅም አይሆንም። ከገበያ የተሰበሰበ ዕቃ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ገንዘባችሁን ወይም ምትክ ታገኛላችሁ፤ በአሜሪካ በሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን፣ በአውሮፓ ሴፍቲ ጌት በሚባለው መረጃ ቋት ስሙንና የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ። ያልተሰበሰበ ግን የተላጠ ወይም ምንጩ የማይታወቅ ከሆነ ሰብራችሁ፣ ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት አድርጋችሁ ጣሉት።